ጠረጴዛው ታየ፣ ቋንቋው ተረሳ፦ ስለ ሂንዲ የሌሊት ኮሜዲ ሾው ለወጣው ጽሑፍ ምላሽ

በኢንተርኔት ስለሚቀርበው የሂንዲ ቋንቋ የሌሊት ኮሜዲ ቶክ ሾው በቅርቡ በአማርኛ የወጣ ጽሑፍ አለ። የሚለው ባጭሩ ይህ ነው፦ ሾዎቹ ከአሜሪካ የተገለበጡ ናቸው፤ የተጀመሩትም በ2015 ርካሽ ኢንተርኔት ሲገባ ነው፤ ቀልዱ በእንግሊዝኛ ይጻፍና ወደ ሂንዲ ይመለሳል፤ ለመሥራት አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ካሜራና በኋላ የሚለጠፍ የሳቅ ድምፅ ይበቃል፤ ኢንተርኔት ላይ ሳንሱር የለም፤ ወጪውን የዩቲዩብ ማስታወቂያ ይችለዋል። በመጨረሻም የአማርኛ ኮሜዲያን ይህንኑ መንገድ እንዲከተሉ ይመክራል። ምክሩ ባይጨመርበት ኖሮ ጽሑፉ በዝምታ ሊታለፍ ይችል ነበር። ሰው ጥሪቱንና ስሙን ይዞ የሚገባበት ሥራ ስለሆነ ግን ስህተቱ መታረም አለበት። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«የተጀመረው በ2015 ነው» ከሚለው እንነሳ። ጸሐፊው የጠቀሱት፣ ኤአይቢ የተባለው የኮሜዲ ቡድን የሠራው «ኦን ኤር ዊዝ ኤአይቢ» በ2015 ሆትስታር በተባለ የኢንተርኔት ቪዲዮ መድረክ ላይ መቅረቡ እውነት ነው። ነገር ግን ከዚያ 6 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2009፣ «ጄይ ሂንድ» የተባለ የሂንዲ የሌሊት ኮሜዲ ሾው ለቴሌቪዥን ሳይሆን ለኢንተርኔት ተብሎ ተዘጋጅቶ ይቀርብ ነበር። አቅራቢው ተመልካች «ሳራባይ ቨርሰስ ሳራባይ» በተባለው የቴሌቪዥን ኮሜዲ የሚያውቀው ተዋናይ ሱሚት ራጋቫን ነው።

ያኔ ይህን ማድረግ ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ ለማወቅ ቁጥሩን ማየት ይበቃል። በወቅቱ በህንድ «ብሮድባንድ» ለመባል የሚያስፈልገው ዝቅተኛ ፍጥነት በሴኮንድ 256 ኪሎቢት ነበር፤ ይህ በሴኮንድ 32 ኪሎባይት ማለት ነው። የ22 ደቂቃ ፕሮግራም ምስሉ ደብዘዝ እስኪል ተጨምቆ በሴኮንድ 400 ኪሎቢት ቢዘጋጅ 66 ሜጋባይት ይሆናል። በዚያ መስመር ለማውረድ 34 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ ተመልካቹ ከሚያየው ጊዜ ይልቅ የሚጠብቀው ይረዝማል ማለት ነው። ዩቲዩብም በዚያን ጊዜ ለተራ አካውንት ከ10 ደቂቃ በላይ አይፈቅድም ነበር፤ ወደ 15 ያሳደገው በሐምሌ 2010 ነው።

«ርካሽ ኢንተርኔት ሲገባ» የሚለው ምክንያትም አይገጥምም። የህንድን የሞባይል ዳታ ዋጋ የሰበረው ጂዮ የተባለ የስልክ ኩባንያ አገልግሎቱን የጀመረው መስከረም 5 ቀን 2016 ነው፤ ጸሐፊው የመጀመሪያ ካሉት ሾው አንድ ዓመት ያህል ዘግይቶ። ርካሽ ዳታ ሾውን አልወለደም፤ ተመልካቹን ግን ቀይሮታል። ከሙምባይና ከዴልሂ ውጭ ያለው፣ በካንፑርና በኢንዶር የሚኖረው፣ እንግሊዝኛ የተቀላቀለበት ቀልድ የማይጥመው ወጣት ስልኩን ይዞ ገባ። የሂንዲው ድርሻ የሰፋው ያኔ ነው።

«ከአሜሪካ የተገለበጠ ነው» ለሚለው እኩሌታውን እንቀበላለን። ጠረጴዛው፣ የእንግዳው ሶፋ፣ ባንዱ፣ የመክፈቻው የቀልድ ንግግር ከአሜሪካ የመጣ ቅርጽ ነው። ሼኻር ሱማን ከ1997 እስከ 2001 በሶኒ ቴሌቪዥን ያቀረበው «ሙቨርስ ኤንድ ሼከርስ» ይህን ቅርጽ ሳይደብቅ ወስዶታል። ነገር ግን ዕቃው ሌላ፣ አንደበቱ ሌላ ነው። በሂንዲ አገር «ሃስያ ካቪ ሳመላን» የሚባል፣ ገጣሚዎች ተሰብስበው ሕዝብ ፊት የቀልድ ግጥም የሚያሰሙበት ጉባኤ አለ፤ በተለይ ለሆሊ በዓል ይደምቃል። ካካ ሃትራሲ፣ ሱሬንደር ሻርማ፣ አሾክ ቻክራዳር የታወቁት በዚህ መድረክ ነው። ገጣሚው የመጀመሪያውን ስንኝ ይላል፣ ታዳሚው «ዋህ ዋህ» ሲል ያንኑ ስንኝ ደግሞ ይለዋል፣ ሰው ቤት መድፊያውን ሲጠብቅ ቆይቶ ይጥለዋል። አዝማሪ ቤት ያመሸ ሰው ይህን ለመረዳት አስረጂ አያስፈልገውም። ጥሩ የሂንዲ አቅራቢ የመክፈቻ ንግግሩን ሲያሰማ መነሻውን ሁለት ጊዜ የሚለው ከዚህ የተነሳ ነው። አሜሪካዊው ቶሎ ብሎ ወደሚቀጥለው ያልፋል፤ የሂንዲው ይደግማል። ደቂቃ ሲቆጠር ይህ ትልቅ ልዩነት ነው፦ በአንድ መክፈቻ ውስጥ በሂንዲ የሚገባው ቀልድ በእንግሊዝኛ ከሚገባው ያንሳል። በፖለቲካና በቢሮክራሲ ላይ መሳለቁም ቢሆን ቀልደኛው ጃስፓል ባቲ በ1989 በመንግሥቱ ቴሌቪዥን በዱርዳርሻን ላይ በ10 ክፍል ባቀረበው «ፍሎፕ ሾው» የታወቀ ነገር ነበር።

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ ደርሰናል፦ «ቀልዱ በእንግሊዝኛ ይጻፍና ወደ ሂንዲ ይመለሳል»። ይህን ያደረገ ሁሉ የወደቀበት ጉድጓድ ስለሆነ በዚህ ላይ ረዘም እንበል። አማርኛ ተናጋሪ ደግሞ ከማንም በላይ ሊገባው ይችላል፤ ሁለቱም ቋንቋዎች ግሥን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣሉና።

የእንግሊዝኛ ቀልድ የሚያስቀውን ቃል መጨረሻ ላይ ይጥላል፤ ቃሉ ሲወድቅ ሳቁ ይነሣል። በሂንዲ ዓረፍተ ነገሩ እንደ ሰዋስዉ ሲነገር ከሚያስቀው ቃል በኋላ ግሡና ረዳቱ ይከተላሉ። ለምሳሌ ይህን እንውሰድ፦ «ፑል ካ ኡድጋታን ሶምዋር ኮ ሁዋ፤ ኢትዋር ኮ ጊር ጋያ ታ»። ድልድዩ ሰኞ ተመረቀ፤ እሑድ ዕለት ፈርሶ ነበር። የሚያስቀው «እሑድ» የሚለው ቃል ነው። ከእሱ በኋላ ግን «ጊር ጋያ ታ» የሚሉ ሦስት ቃላት አሉ። ታዳሚው «ኢትዋር» ሲል ሊስቅ ይጀምራል፣ አቅራቢው ገና እየተናገረ ነው፣ ሰው ለመስማት ሳቁን ይይዛል፣ ሦስቱ ቃላት ሲያልቁ ሳቁ ቀዝቅዟል። መድኃኒቱ ግሡን ወደፊት ማምጣት ነው፦ «ፑል ካ ኡድጋታን ሶምዋር ኮ ሁዋ፤ ጊራ ኢትዋር ኮ»። በአማርኛም «ድልድዩ የተመረቀው ሰኞ፤ የፈረሰው እሑድ» ብንል ያው ነው። የንግግር ሂንዲ ይህን ቃል ማገላበጥ ይፈቅዳል፤ የጽሑፍ ሂንዲ ግን አይወደውም። ስለዚህ ጥሩ የቀልድ ጸሐፊ መጀመሪያ አፉን ከፍቶ ይናገረዋል፣ ከዚያ ይጽፈዋል። ከእንግሊዝኛ የሚተረጉም ሰው ትክክለኛውን ሰዋስው ይዞ ይመጣና ቀልዱን በገዛ እጁ ይገድለዋል።

ሁለተኛው ነገር አክብሮት ነው። ሂንዲ «ኣፕ»፣ «ቱም» እና «ቱ» የሚሉ ሦስት ደረጃዎች አሉት። «ኔታጂ ኣዬ ሄን» ሲባል መሪው መጡ፤ «ኔታ ኣያ ሄ» ሲባል ያው መሪ መጣ ነው። እዚህ ላይ አንድም ስድብ አልተነገረም፤ «ጂ» የምትለው የአክብሮት ቅጥያ ወድቃ ግሡ ከብዙ ወደ ነጠላ ወርዷል፣ በቃ። አንቱ የተባለ ባለሥልጣን በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ አንተ ሲሆን የሚነሣውን ሳቅ እንግሊዝኛ ሊጽፈው አይችልም፤ መሣሪያው የለውም። ተቃራኒውም ይሠራል፤ ሌባውን እስከ መጨረሻው በ«ኣፕ» እና በ«ጂ» ማነጋገር የታወቀ ዘዴ ነው።

ሦስተኛው የቋንቋው ልብስ ነው። ከሳንስክሪት ቃላት የተሰፋ የቢሮ ሂንዲ አለ፤ ኡርዱ የገባበት የሰፈር ሂንዲ አለ፤ የቦጅፑሪና የሃርያና ዘዬ አለ። ለባቡር «ላውህ ፓት ጋሚኒ» የሚል የቀልድ ስም ወጥቶለት አገር ሁሉ ያውቀዋል፤ ሲፈታ «በብረት መንገድ ተጓዥ» ማለት ነው። ሰው በየቀኑ የሚለው ግን «ትሬን» ነው። አቅራቢው ስለ ጉድጓድ መንገድ ሲያወራ በቢሮው ሂንዲ ጀምሮ በሰፈሩ ሂንዲ ከጨረሰ፣ የመንግሥት መግለጫና የሕዝብ ኑሮ ያላቸውን ርቀት በቃላት ምርጫ ብቻ አሳይቷል።

ጸሐፊው ማስረጃ ብለው ያነሡት «ኦን ኤር ዊዝ ኤአይቢ» ራሱ የሚመሰክረው ለዚህ ነው። በመጀመሪያው ዙር 10 ክፍል በእንግሊዝኛ፣ 10 ክፍል በሂንዲ ነበረው። ድምፅ ብቻ ለውጦ ማለፍ ቢቻል ኖሮ ሁለት ጊዜ ካሜራ ፊት መቆም ባላስፈለገ ነበር።

አንድ የሚረሳ ነገር እንጨምር። አቅራቢው የሚያነበው ስክሪን በዴቫናጋሪ፣ ማለትም በሂንዲ በራሱ ፊደል፣ ይጻፍ ወይስ በላቲን የሚለው ቀድሞ መወሰን አለበት። በሙምባይ ብዙ የቀልድ ጸሐፊ ሂንዲን በላቲን ፊደል ይጽፋል። በላቲን ሲጻፍ ጠንካራና ልል «ት» እና «ድ» አይለዩም፤ ሰው የሚጽፍበት መንገድም የየራሱ ነው፤ አቅራቢው ይደናቀፋል። መፍትሔው አንድ ሰው መድቦ የሁሉንም ጽሑፍ አቅራቢው በለመደው አንድ አጻጻፍ ማስተካከል፣ በአንድ መስመር ከ4 እስከ 5 ቃል ብቻ ማስቀመጥና የሚያስቀውን ቃል ብቻውን በአዲስ መስመር ማውረድ ነው። ዓይን ቀድሞ ካየው ፊት ቀድሞ ይስቃልና።

«ጠረጴዛ፣ ካሜራና የተለጠፈ ሳቅ ይበቃል»። ይህን ያመነ ሰው ገንዘቡን ካሜራ ላይ ያፈስና በድምፅ ይወድቃል። ሳቅ የሚለጠፍ ሳይሆን የሚቀረጽ ነው፤ የተለጠፈውን የስልክ ተመልካች በጆሮ ማዳመጫ ወዲያው ያውቀዋል፣ በተለይ አንድ ዓይነት ሳቅ ሦስት ጊዜ ከተደገመ።

አዳራሹ ትልቅ መሆን የለበትም። 60 ሰው ተጠጋግቶ የተቀመጠበት ጣሪያው ዝቅ ያለ ክፍል፣ 200 ሰው ተበታትኖ ከተቀመጠበት አዳራሽ የተሻለ ሳቅ ይሰጣል። ሳቅ ከጎረቤት ይጋባል፤ መካከል ላይ ባዶ ወንበር ካለ እዚያ ይቆማል። ስለዚህ ሰው ከመግባቱ በፊት ትርፍ ወንበር ይወጣል። የፊተኛው ረድፍ ከመድረኩ 2 ወይም 3 ሜትር ቢርቅ ነው። ከታዳሚው በላይ ቢያንስ ሁለት ማይክ ይሰቀላል፤ ጀርባቸው ወደ ድምፅ ማጉያው ይሁን። ፊታቸው ወደ ማጉያው ከዞረ የአቅራቢውን ድምፅ ዘግይቶ ይይዙትና ንግግሩ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። የእነዚህ ማይኮች ድምፅ ከአቅራቢውና ከእንግዳው ማይክ ተለይቶ በራሱ ትራክ ይቀረጻል። ኢዲት ሲደረግ ንግግሩ ላይ 12 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ብሎ፣ ሳቁ ከመነሣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ከፍ ይላል። ዘግይቶ ከፍ ካለ የሳቁ መነሻ ይቆረጣል፤ የውሸት የሚያስመስለውም ይኸው ነው። ሳቅ መካከል መቁረጥ ካስፈለገም ግማሽ ሴኮንድ ያህል ጭራ ይተውለት።

አቅራቢው ቃል ቢሳሳት ወዲያው እንዲደግመው ማድረግ ደግሞ የተለመደ ስህተት ነው። ታዳሚው ቀልዱን ሰምቶታል፤ በሁለተኛው ጊዜ የሚስቀው ለትህትና ነው። ይቀጥል፤ የተበላሸችው ዓረፍተ ነገር ፕሮግራሙ ሲያልቅ ብቻዋን ትቀረጽና የመጀመሪያው ሳቅ ይገጠምላት።

ሙምባይ ላይ የአየር ማቀዝቀዣ ካልተዘጋ ድምፁ ሁሉ ላይ ይተኛል፤ ከተዘጋ ደግሞ በ20 ደቂቃ ውስጥ ሰው ይቀልጣል፤ የሞቀው ታዳሚ አይስቅም። የሚሠራው ቀድሞ አዳራሹን በጣም አቀዝቅዞ፣ ማቀዝቀዣውን ሲቀረጽ መዝጋትና በፕሮግራሙ ክፍሎች መካከል መክፈት ነው። ካሜራን በሚመለከት ህንድ እንደ ኢትዮጵያ 50 ኸርዝ የኤሌክትሪክ አገር ናት። በሴኮንድ 25 ፍሬም (ምስል)፣ ሹተሩ (ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/50 ሴኮንድ ላይ ሆኖ ይቀረጻል። ካሜራውን ከሳጥኑ እንደወጣ በ30 ፍሬምና በ1/60 የተጠቀመ ሰው ርካሽ የኤልኢዲ መብራት ሥር ከላይ ወደ ታች የሚሄድ ጥላ ያገኛል፤ እሱንም ከቀረጻ በኋላ ማጥፋት እጅግ ይከብዳል። አንድ ካሜራም አይበቃም። ሦስት ያስፈልጋል፦ አቅራቢው ላይ፣ እንግዳው ላይ፣ ሁለቱን አንድ ላይ። ሦስተኛው ከሌለ የማያስቅ ጥያቄ ሲወጣ መሸፈኛ አይኖርም። የመጨረሻው ድምፅ መጠን −14 ሉፍስ (የድምፅ ጩኸት መለኪያ ነው) አካባቢ ይሁን፤ ዩቲዩብ ከዚያ የጮኸውን ራሱ ዝቅ ያደርገዋል።

«ኢንተርኔት ላይ ሳንሱር የለም»። ይህ ሰውን እስር ቤት ሊያስገባ የሚችል ስህተት ነው። የ1995ቱ የህንድ የኬብል ቴሌቪዥን ሕግ ኢንተርኔትን አለመንካቱ፣ እንዲሁም የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መጋቢት 24 ቀን 2015 የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ሕጉን፣ በኢንተርኔት የሚላክን «አስከፊ» መልእክት ይቀጣ የነበረውን አንቀጽ 66ኤ መሻሩ እውነት ነው። ሌሎቹ ግን አሉ። በዚያው ሕግ አንቀጽ 67 ጸያፍ ይዘት በኤሌክትሮኒክ መንገድ ያሠራጨ በመጀመሪያ ጥፋቱ እስከ 3 ዓመት እስራትና እስከ 5 መቶ ሺህ ሩፒ ይቀጣል። ከሐምሌ 1 ቀን 2024 ጀምሮ የሚሠራው አዲሱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 196 በማኅበረሰቦች መካከል ጠላትነት ማነሣሣትን፣ በአንቀጽ 299 ሃይማኖታዊ ስሜትን መንካትን፣ በአንቀጽ 356 ስም ማጥፋትን ይቀጣል። በየካቲት 25 ቀን 2021 የወጣው ደንብም የፊልም ማሠራጫ መድረኮች ይዘታቸውን በተመልካች ዕድሜ እንዲለዩ ያዛል።

ከሕጉ ቃል በላይ የሚያስፈራው አሠራሩ ነው። ቪዲዮው በሁሉም ግዛት ስለሚታይ ክሱም በሁሉም ግዛት ሊከፈት ይችላል። ሙምባይ ላይ የተነገረ ቀልድ ጠበቃ የሚያስይዘው በአገሪቱ ሌላ ጫፍ በጉዋሃቲ ሊሆን ይችላል። ኮሜዲያኑ ሙናዋር ፋሩኪ ጥር 1 ቀን 2021 ኢንዶር ላይ ተይዞ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የካቲት 5 በዋስ እንዲወጣ እስኪያዝ ድረስ ከአንድ ወር በላይ ታስሯል። በየካቲት 2025 «ኢንዲያስ ጎት ሌተንት» በተባለው የዩቲዩብ ፕሮግራም ላይ አንድ እንግዳ በተናገረው ነገር ከአንድ በላይ ግዛት ክስ ተከፍቶ አዘጋጁ ሳማይ ራይና ክፍሎቹን ሁሉ ከቻናሉ አንሥቷል። በሚቀጥለው ወር ኮሜዲያኑ ኩናል ካምራ በተናገረው የፖለቲካ ቀልድ ምክንያት ቀረጻው የተካሄደበት ሃቢታት የተባለ የሙምባይ ስቱዲዮ በሰዎች ተሰባብሯል። እዚህ ላይ ቀልደኛው ብቻ ሳይሆን ክፍሉን ያከራየውም ዋጋ ከፍሏል። እንዲህ ያለ ነገር እየታየ «ሳንሱር የለም» ማለት ያሳዝናል።

በዚህ ምክንያት ጠንቃቃ ቡድን ስክሪፕቱን ከቀረጻው 2 ቀን በፊት ጠበቃ ያስነብባል። ለእያንዳንዱ በስም ለተጠራ ሰው ወሬው የወጣበት የታተመ ማስረጃ በፋይል ይያዛል። የእንግዳ ንግግር በቀጥታ አይተላለፍም፤ ያልተቆረጠው ቀረጻም አይጠፋም፣ ሌላ ሰው ቆራርጦ ሲያሠራጨው መከላከያ የሚሆነው እሱ ነውና። ለአማርኛ ሠሪም ነገሩ ሩቅ አይደለም፦ በኢትዮጵያ የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ከ5,000 በላይ ተከታይ ላለው የማኅበራዊ ሚዲያ አካውንት ከበድ ያለ ቅጣት ያስቀምጣል። የሂንዲውን መንገድ ተከተሉ ብሎ ይህን ዝም ማለት ጥሩ ምክር አይደለም።

ከሕግ ሳንወጣ፣ ጽሑፉ የዜና ቪዲዮና የፊልም ዘፈን «እንደልብ መጠቀም ይቻላል» ማለቱም ትክክል አይደለም። የ1957ቱ የህንድ የቅጂ መብት ሕግ አንቀጽ 52 ለትችትና ለወቅታዊ ዘገባ መጠነኛ አጠቃቀም ይፈቅዳል፤ ቀልድና ማስመሰልን ግን በስም አያነሣም። ዩቲዩብ ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ፦ በኮንቴንት አይዲ፣ የሌላ ሰውን ዘፈንና ቪዲዮ በራሱ በሚለየው የዩቲዩብ ሥርዓት፣ የሚመጣው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ገቢውን ለዘፈኑ ባለቤት ያስተላልፋል፤ የቅጂ መብት ስትራይክ (ባለመብቱ ቪዲዮውን ሲያስነሣ የሚመጣው ማስጠንቀቂያ) ግን በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ከሆነ ቻናሉን ያዘጋል። የባንድ ወጪ የሚከብደው ቢያንስ አንድ ኪቦርድ ተጫዋች ቀጥሮ የራሱን አጭር ዜማ ያሠራ።

ስለ ገንዘቡ ብዙ ማለት አያስፈልግም። በመካከል ማስታወቂያ ለማስገባት ቪዲዮው 8 ደቂቃ መሙላት አለበት፤ ማስታወቂያው ግን የጸሐፊዎችን ደመወዝ አይችልም። ሥራውን የሚያቆመው ስፖንሰር ነው፤ ስፖንሰርም ይሄዳል። በነሐሴ 2025 የወጣው የህንድ ሕግ በገንዘብ የሚጫወቱትን የኢንተርኔት ጨዋታዎች ሲከለክል፣ በዘርፉ ዋና ማስታወቂያ አስነጋሪ የነበሩት ድርጅቶች ወጡ። በአንድ ዓይነት ስፖንሰር ላይ የተደገፈ ሾው በአንድ ቀን ይወድቃል።

ጽሑፉ ትክክል የሆነበት አንድ ቦታ አለ፤ እሱን ሳንናገር ብናልፍ ፍትሕ አይሆንም። እንግዶቹ ይመሳሰላሉ ብሏል። እውነት ነው። የሂንዲ ፊልም በአብዛኛው ዓርብ ይወጣል፤ ተዋናዮቹ በዚያው ሳምንት ፊልማቸውን ይዘው ከአንዱ ፕሮግራም ወደ ሌላው ይዞራሉ፤ የማይጠየቀው ነገር ዝርዝርም ቀድሞ ይላካል። ይህን የሚያሸንፍ ቡድን ከእንግዳው ጋር 40 ደቂቃ ያህል ይቀርጽና 12 ያስቀራል፤ ስለ ፊልሙ የሚጠየቀውን መጀመሪያ ይጨርሰዋል፣ የእንግዳው ትከሻ የሚላላው ከዚያ በኋላ ነውና። ከሚቆረጠው መካከል መጀመሪያ የሚሄደው ያ የፊልሙ ክፍል ነው፤ የፊልሙ ስም በመግቢያው አንድ ጊዜ፣ በስክሪኑ ግርጌ ደግሞ አንድ ጊዜ ከተጻፈ ለአስተዋዋቂውም ይበቃዋል።